በተንቀሳቃሽ ክሬን ከባድ ጭነት ሲነሣ የሚደርስን አደጋ ስለመከላከል

በልደታ ክፍለ ከተማ ሰንጋ ተራ አካባቢ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶችና ሌሎች ረጃጅም ሕንፃዎች ተቀራርበው የሚገኙ በመሆኑ፣ የክሬን ስሕተት ከሠራተኛው አልፎ መንገደኛን ሊጎዳ ይችላል።

ክሬን የሚገለበጠው ጭነቱ ስለከበደ ብቻ አይደለም፤ ጭነቱ ከክሬኑ በራቀ መጠን የማንሣት አቅሙ ይቀንሳል። ስለሆነም ሥራው ከመጀመሩ በፊት፦

• የጭነቱ ክብደትና ርቀት ከአምራቹ የአቅም ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል፤
• የድጋፍ እግሮቹ በጠንካራ መሬትና በሰፊ ንጣፍ ላይ ይዘረጋሉ፤
• በአቅራቢያው የኤሌክትሪክ መስመር አለመኖሩ ይረጋገጣል፤
• በተንጠለጠለ ጭነት ሥር ማንም እንዳያልፍ ቦታው ይታጠራል።

ለኦፕሬተሩ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የ«ቁም» ምልክት ግን ከማንም ቢሰጥ ይፈጸማል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው የማስገንዘብና የአደጋ መከላከያ የማቅረብ፣ ሠራተኛውም የመሣሪያ ጉድለት ሲያይ ወዲያውኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።