ዳገት ላይ የተማሩት ቋንቋ፦ የውጭ አገር መምህራን፣ ጉዞና እንግሊዝኛ በስሜን ግርጌ

እንግሊዝኛ ወደ ስሜን ግርጌ፣ ወደ ዳባትና ደባርቅ፣ የገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ትምህርት ቤት ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ መማሪያ መጽሐፍና ፈተና። ሁለተኛው ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ አድርጎ እስከ አምቢኮና ራስ ደጀን የሚዘልቀው የእግር መንገድ ነው። ስለ መጀመሪያው መደርደሪያ የሚሞላ ተጽፏል። ስለ ሁለተኛው የተጻፈው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የውጭ አገር ሰው በአገሬው መካከል እየኖረ ሲያስተምርና ሲጓዝ፣ ተመራማሪዎች ማስተማሩን ሥራ፣ ጉዞውን ደግሞ መዝናኛ ብለው ይለያዩታል። በስሜን ይህ ክፍፍል አይሠራም። እዚያ ቋንቋው ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈው በዋናነት በጉዞው ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀደምት ጥናቶች ጋር በአብዛኛው ጠብ የለም። በ1976 የታተመው የቤንደርና የባልደረቦቹ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት፣ የስቶዳርት የ1986 ሪፖርት፣ እንዲሁም ተከስተ ነጋሽ በ1996 እና በ2006 ያሳተሟቸው መጻሕፍት የክፍል ውስጡን ችግር በሚገባ አሳይተዋል። ተማሪው በማይሰማው ቋንቋ ሒሳብና ሳይንስ ሲማር ሁለቱንም እንደሚያጣ ከእነርሱ በኋላ ለመካድ የሚነሳ ብዙ ሰው የለም።

ጠቡ ከሮበርት ፊሊፕሰን ጋር ነው። የቋንቋ ኢምፔሪያሊዝምን ጽንሰ ሐሳብ ያነገሠው የ1992 መጽሐፉ፣ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት የሚጽፍ ሁሉ ሳይጠቅሰው የማያልፍ ሆኗል። ፊሊፕሰን ዓለምን ማዕከልና ዳር ብሎ ይከፍላል። ማዕከሉ በዋናነት ብሪታንያና አሜሪካ ናቸው፤ መምህር፣ መጽሐፍና ዘዴ ይልካሉ። ዳሩ ይቀበላል፤ በተቀበለም ቁጥር ጥገኝነቱ ይጸናል። በ1961 በኡጋንዳ ማኬሬሬ የተካሄደው ጉባኤ የዚህ ሥርዓት መሠረት እንደሆነ ይከራከራል፤ ከዚያም የወጡ አምስት እምነቶችን አንድ በአንድ ይነቅፋል። እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ መማር አለበት፤ ምርጡ መምህር ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነው፤ ቀድሞ የጀመረ ይሻላል፤ ብዙ የተማረ ይሻላል፤ ሌላ ቋንቋ ከገባ ደረጃው ይወርዳል የሚሉት ናቸው። ስለ ሁለተኛው እምነት የተናገረው ትክክል ነው። የቀረው ሕንጻ ግን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መሠረት ያጣል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ጠሪው ማን እንደነበር ነው። የፊሊፕሰን የአፍሪካ ማስረጃ በአብዛኛው የተቀዳው ከቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ነው። ኢትዮጵያ በ1908 የዳግማዊ ምኒልክን ትምህርት ቤት ስትከፍት ያስመጣችው የግብፅ ኮፕት መምህራንን ነበር፤ እስከ ጣሊያን ወረራም በአዲስ አበባ የተማረው ወገን ከእንግሊዝኛ ይልቅ ፈረንሳይኛን ይቀርብ ነበር። ከ1941 በኋላ ሚዛኑ ወደ እንግሊዝኛ ሲያጋድል የብሪታንያ ጦር አዲስ አበባ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የብሪታንያን ጫና ያለዘቡት ቋንቋውን ይዘው መምህሩን በመለወጥ ነው። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን የመሩት፣ በ1950 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋሙትና የመሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን ናቸው፤ መሪያቸው ሉሲዬን ማት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ነበሩ። ጎንደር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈትባት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት እጅ ነበረበት። ተቀባዩ እንዲህ ላኪን ከላኪ እያማረጠ ሲጠራ፣ ዝም ብሎ የሚቀበል ዳር ነው ማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ጥያቄ መጪው ማን ነበር የሚለው ነው። በሃሪስ ዎፎርድ የተመራው የመጀመሪያው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች፣ የፒስ ኮር፣ ቡድን በ1962 ኢትዮጵያ ሲገባ ከ270 በላይ ሰዎች ነበሩት። እነዚህ ወጣቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ በጌምድርና ስሜንም ድርሻውን አገኘ። ፕሮግራሙ በ1977 እስኪዘጋ ድረስ በአገሪቱ የመምህራን ታሪክ ትልቅ ስፍራ ይዟል። ጥናቶች ሁሉ የሚያተኩሩበትም እሱው ነው። በዚያው ዘመን በየአውራጃው ከተማ ከአሜሪካውያኑ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ሲያስተምሩ የኖሩት ሕንዳውያን ግን፣ ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ሆነው፣ በግርጌ ማስታወሻ ይታለፋሉ። ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያስተምር ያዘዘው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም እንደዚሁ ተዘንግቷል። የአዲስ አበባው ተማሪ ወደ ገጠር ከተማ ሲመደብ ለቦታው እንግዳ፣ ለቋንቋው ደግሞ እንደ ተማሪዎቹ ሁሉ ባዕድ ነበር። ማዕከልና ዳር የሚለው ሥዕል ሕንዳዊውንም ሆነ ይህን ወጣት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የክርክሩም እምብርት፣ ቋንቋው የት ተማረ የሚለው ነው። ፊሊፕሰን የመረመረው ጉባኤ፣ ሪፖርት፣ በጀትና ተቋም ነው። የመረመረውን አገኘ። የበቅሎ ኮርቻ ላይ የሚነገረውን እንግሊዝኛ ግን በብሪቲሽ ካውንስል መዝገብ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲሆን በ1969 በሕግ ታወጀ። በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ከ1967 እስከ 1969 የፓርኩ ኃላፊ የነበረው ክላይቭ ኒኮል ዌልሳዊ ነበር፤ በ1971 ያሳተመው የስሜን መጽሐፉ ዛሬ በአዳኝና በዋልያ ታሪክነቱ ብቻ ይነበባል። በዚያው ተራራ የሠሩት በርንሃርድ ኒቨርጌልትና በ1970ዎቹ አጋማሽ ፓርኩን የመራው ሃንስ ሁርኒ ስዊዛውያን ናቸው፤ የአፍ መፍቻቸው ጀርመንኛ ነው። እነዚህን ሰዎች ማንም መምህር ብሎ አይጠራቸውም። ይሁንና ከደባርቅና ከአካባቢው ቀበሌዎች ከተቀጠሩ ጠባቂዎች ጋር ሲውሉ ሲያድሩ፣ የዋልያ መንጋ ሲቆጥሩ፣ ድንኳን ሲተክሉ መግባቢያ ያስፈልጋቸው ነበር። ስዊዛዊው ሊቅና የስሜን ጠባቂ እንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ቋንቋው የማንኛቸውም አይደለም። ሁለቱም ከሌላ ተውሰው፣ ሁለቱም እየተሳሳቱ፣ ሁለቱም እየተቃኑ ይናገሩታል። በኋላም ተራራውን የሞሉት ጀርመኖች፣ ፈረንሳዮችና እስራኤላውያን ያንኑ ደገሙት። በአብዛኛው የአፍ መፍቻ ተናጋሪው በሌለበት የተስፋፋ ቋንቋ፣ በአፍ መፍቻ ተናጋሪው ኃይል ተስፋፋ ሊባል አይችልም።

ከጨነቅ እስከ አምቢኮ ያለውን የአንድ ቀን መንገድ ቀረብ ብሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከጨነቅ ሰፈር ንጋት ላይ ይነሳል። በቅሎ ጫኞቹ ድንኳኑንና ስንቁን በመጫኛ ሲያስሩ አስጎብኚው ሻንጣ ያስለያል፤ የሚሸከሙት የትኛው ነው፣ በቅሎዋ ላይ የሚሆነው የትኛው ነው እያለ። መሣሪያ የያዘው ስካውት፣ ያለ እርሱ ወደ ፓርኩ መግባት አይፈቀድምና፣ ከፊት ይቀድማል። ወደ ቧሂት ማለፊያ፣ ወደ 4,200 ሜትር ግድም፣ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥራል። ንግግሩም አብሮ ያጥራል፤ ቀስ በል፣ ውሃ ጠጣ፣ ራስህን አመመህ? ከማለፊያው ወዲያ ቁልቁለቱ ጉልበት የሚሰብር ነው። እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ እዚያ ጫማ አውልቆ መሻገር ነው። ከወንዙ እንደገና ዳገት ተወጥቶ አመሻሽ ላይ አምቢኮ ይደረሳል፤ ነገ ሌሊት ለራስ ደጀን የሚነሱት ከዚህ ነው። በአምቢኮ ገብስ የሚያበራዩ ሰዎችና የጠላ ቤት አለ፤ እንግዳውን ከብበው እስክሪብቶ የሚጠይቁ ልጆችም አሉ። እንግዳው በተራው ስለ ሰብሉ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ጾሙ ይጠይቃል፤ አስጎብኚው ይመልሳል፣ ያስተረጉማል፣ የማያውቀውን ቃል ከእንግዳው ይቀበላል። እንዲህ ያለ ውይይት በአንድ ቀን 8 እና 9 ሰዓት ይቆያል። በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ፣ 60 እና 70 ሆኖ ተቀምጦ ከሚማር ተማሪ መካከል ይህን ያህል የሚናገር የለም።

የሁለቱ ትምህርት ቤቶች የጊዜ ሰሌዳም ይለያያል። የክፍሉ ዕረፍት ክረምት ላይ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ተራራው በጭጋግና በጭቃ የሚዘጋበት ወቅት ነው። የተራራው ትምህርት የሚደምቀው ከመስከረም ማብቂያ እስከ መጋቢት፣ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ስለዚህ በየከተማው የሚያስተምረው የውጭ አገር መምህር ወደ ስሜን ሊወጣ የሚችለው በገና፣ በጥምቀት ወይም በመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ነበር። ጉዞው ከመኸሩ ማግስት ጋር ስለሚገጥም በቅሎ የሚያከራየው ገበሬም ጊዜ ያለው ያኔ ነው።

ከቻይና የሚገኘው ማስረጃም ወደዚሁ ያደላል። ፒስ ኮር ወደ ቻይና የገባው በ1993 ሲሆን የወጣው በ2020 ነው። ከመምህራኑ አንዱ ፒተር ሄስለር ከ1996 እስከ 1998 በያንግትዜ ወንዝ ዳር በምትገኘው ፉሊንግ የመምህራን ኮሌጅ አስተምሮ በ2001 መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ስለ ክፍሉ የሚለውን ያህል ስለ ኮረብታው፣ ስለ ሻይ ቤቱ፣ ስለ ባቡርና ጀልባ ጉዞው ይናገራል፤ አስተማሪው ቻይንኛ ተማሪ የሆነውም በእነዚያ ስፍራዎች ነው። የቻይና መንግሥት በበኩሉ መምህሩን በፓስፖርቱ መዝኖ ሲቀጥር ኖሯል፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ከሆነባቸው ጥቂት አገሮች ያልመጣ መምህር፣ አፍሪካዊውን ጨምሮ፣ ችሎታው ምንም ቢሆን በሩ ይጠብበታል። ፊሊፕሰን የነቀፈው እምነት እዚያ በሕግ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው፤ ጻፊው ግን ማዕከሉ ሳይሆን ተቀባዩ መንግሥት ነው። ይህም ንድፈ ሐሳቡን አይደግፍም።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ። የአስጎብኚ እንግሊዝኛ ጠባብ ነው፣ ከጭላዳ ዝንጀሮና ከድንኳን አያልፍም ይባላል። ይህን የሚል ሰው ከደባርቅ አስጎብኚዎች ጋር ውሎ አያውቅም፤ የሚጠየቁት ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ጋብቻው፣ ስለ መሬት ይዞታው ጭምር ነው። አስጎብኚውስ ፊደሉን የቆጠረው ትምህርት ቤት አይደለም ወይ? ነው። ያው ትምህርት ቤት ግን ብዙዎችን አስተምሯል፤ አፋቸው የተፈታው መንገዱን የያዙት ናቸው። ስካውቶቹ ዘንድ ቋንቋው ብዙ አልዘለቀም የሚለው እውነት አለው፤ እነርሱ ከፊት የሚሄዱ እንጂ ጎን ለጎን የሚያወሩ አይደሉም፤ ይህም ቢሆን የሚያስረዳው ውይይት በሌለበት ቋንቋ እንደማይገባ ነው። ማስረጃው ከሞላ ጎደል የቃል ስለሆነ መደምደሚያው በጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት ግን መታወቅ ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ መንገዱ ሲዘጋ የታየው ነው። በ1980ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነቱ ስሜንን ሲውጠው የፓርኩ ሠራተኞች ሰፈራቸውን ለቀው ወጡ፤ ትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ትምህርቱን ባያቋርጥም የሚያናግሩት ሰው አልነበረም። ከ1991 በኋላ መንገዱ ሲከፈት የአስጎብኚነት ሥራ በደባርቅ እንደገና ተተከለ። የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል አስጀመረ፤ በ2004 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት ወደየሁለተኛ ደረጃ ክፍሉ ገባ። ፕላዝማው የውጭ አገሩን መምህር ድምፅ አመጣ፣ ሰውየውን ግን አላመጣም። ተማሪው ሳይገባው ቴሌቪዥኑ ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፍ ነበር፤ የክፍሉ መምህርም ቆሞ ያይ ነበር። የፊሊፕሰን ትንተና ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት በሚገባ ይስማማል፤ ለመሸሃ ወንዝ ዳር ውይይት ግን አይስማማም። ከ2020 ጀምሮ ወረርሽኙና ተከታትሎ የመጣው ጦርነት የቱሪስቱን መንገድ ዳግም ዘጋው። የዳባት ወረዳ ራሱ የጦር ሜዳ ሆነ። በ2018 የተከፈተው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛን በክፍል ሲያስተምር፣ ከከተማው ጠርዝ የሚጀምረው ሌላው ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙር አጥቶ ቆመ።

የሚቀጥለው ጥናት መነሳት ያለበት ከለንደንና ከዋሽንግተን መዛግብት አይደለም። ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጎብኚ ሲገባ ክፍያ ይፈጽማል፣ አስጎብኚና ስካውት ይመደብለታል፤ ማን ከማን ጋር ስንት ቀን እንደተጓዘ የሚያሳይ ወረቀት የሚገኘው እዚያ ነው። ከኒኮልና ከሁርኒ ጋር የሠሩ ጠባቂዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቃላቸው ሳይውል ሳያድር ሊቀዳ ይገባል።