ሃያ ሁለት ታንክና አንድ ያልተሰጠ ኮከብ
(የመቶ አለቃ ዚኖቪ ኮሎባኖቭ ታሪክ)

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጻፈ መጽሐፍ ስንገልጥ አስቀድሞ የሚገጥመን የማርሻሎቹና የጄኔራሎቹ ስም ነው። ዡኮቭ፣ ኮኔቭ፣ ሮኮሶቭስኪ እያልን እንቆጥራለን። ከነሱ በታች ስንት የመቶ አለቃ፣ ስንት ታንክ ነጂ፣ ስንት ጥይት አጉራሽ እንደነበረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ከነዚያ ከበታቾቹ ስለ አንዱ ነው። ዚኖቪ ግሪጎርየቪች ኮሎባኖቭ ይባላል። በአንድ ቀን ውጊያ፣ በአንድ ታንክ፣ 22 የጠላት ታንክ እንዳቃጠለ ይነገርለታል። እንዲህ ያደረገ ሰው የአገሩን ከፍተኛ ሽልማት ማግኘት ነበረበት፣ አይደል? አላገኘም። ለምን? ደግሞስ 22 የሚለውን ቁጥር ማን ቆጠረው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እየተከተልን የሰውየውን ሕይወት እንመልከት። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኮሎባኖቭ በ1910 መጨረሻ በኒዥኒ ኖቭጎሮድ አውራጃ አሬፊኖ በምትባል መንደር ተወለደ። በ1933 ለውትድርና ተጠራ፤ በ1936 ከኦርዮል የታንከኞች ትምህርት ቤት ተመረቀ። ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን በጁን 22 ቀን 1941 ስትወር የ30 ዓመት ሰው ነበር፤ ከፍተኛ የመቶ አለቃ፣ በ1ኛው ታንከኛ ክፍለ ጦር ውስጥ የአንድ የታንክ ሻምበል አዛዥ።

የዚያን በጋ ሁኔታ ካልተረዳን ውጊያውን መረዳት አይቻልም። የጀርመን ሰሜናዊ የጦር ቡድን ከድንበር ተነስቶ የባልቲክን አገሮች አቋርጦ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ሌኒንግራድ ደጃፍ ተጠጋ። ቀይ ጦር በየቀኑ ያፈገፍጋል፤ ሙሉ ክፍለ ጦሮች ይከበባሉ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደር ይማረካል። በኦገስት 16 ቀን ስታሊን ቁጥር 270 የተባለውን ትእዛዝ አወጣ፤ እጁን የሰጠ አዛዥ ከሃዲ ተብሎ እንዲቆጠር፣ ቤተሰቡም እንዲታሰር የሚል ትእዛዝ ነው። በዚያው ሰሞን የሉጋ የመከላከያ መስመር ተሰብሮ ጠላት ወደ ክራስኖግቫርዴይስክ ከተማ ይገሰግስ ነበር። ይህች ከተማ ዛሬ ጋቺና የምትባለው ናት፤ ከሌኒንግራድ ወደ ደቡብ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከሷ ካለፉ በኋላ የሚቀረው ሌኒንግራድ ራሱ ነው።

የክፍለ ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ቪክቶር ባራኖቭ ኮሎባኖቭን ጠርቶ ወደ ከተማይቱ የሚወስዱትን ሦስት መንገዶች በአምስት ታንክ እንዲዘጋ አዘዘው። እስከ ሞት ድረስ ቁም፣ ነው የትእዛዙ ፍሬ ነገር። አምስቱም ካ-ቬ-1 የሚባሉ ከባድ ታንኮች ናቸው። ስያሜው ከክሊመንት ቮሮሺሎቭ ስም የመጣ ነው፤ ሰውየው በዚያ ወቅት የዚያው የሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ ጦር የበላይ አዛዥ ነበር። ታንኮቹ የሚሠሩት እዚያው ሌኒንግራድ ውስጥ በኪሮቭ ፋብሪካ ስለነበር ከፋብሪካ በር ወጥተው በቀጥታ ጦር ሜዳ ይገቡ ነበር ማለት ይቻላል።

የካ-ቬ ነገር እንዲህ ነው፤ ክብደቱ ከ45 ቶን በላይ፣ የፊት ብረቱ ውፍረት 75 ሚሊ ሜትር፣ መድፉ 76 ሚሊ ሜትር። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የጀርመን ታንኮችና ፀረ ታንክ መድፎች 37 ሚሊ ሜትር ነበሩ፤ ይህን ብረት ሊበሱት አይችሉም። ታዲያ ካ-ቬ ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ቀይ ጦር ለምን ያፈገፍጋል? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። ታንክ ብረት ብቻ አይደለም። ነዳጅ ይፈልጋል፣ ጥይት ይፈልጋል፣ ሬዲዮ ይፈልጋል፣ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ካ-ቬ ደግሞ ማርሹ አስቸጋሪ፣ አካሄዱ ዝግ ያለ፣ መንገድ ላይ ቶሎ የሚበላሽ ነበር። ብዙዎቹ የጠፉት በጠላት ጥይት ሳይሆን ተበላሽተውና ነዳጅ አልቆባቸው ተጥለው ነው። ስለዚህ አንድ አዛዥ ይህን ታንክ የት ቦታ፣ እንዴት እንደሚያቆመው ማወቁ ከብረቱ ውፍረት ይበልጥ ነበር።

የኮሎባኖቭ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። አራቱን ታንኮች በሌሎቹ መንገዶች ላይ አሰማርቶ እሱ ራሱ በቮይስኮቪትሲ አጠገብ ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ ዘንድ ቦታ ያዘ። ከፊት ለፊቱ ያለው መንገድ በረግረግ መካከል ያልፋል። በዚያ የሚመጣ ታንክ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ልሂድ ቢል ይሰምጣል። ሰዎቹ ለታንኩ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ከላይኛው ራሱ በቀር ሌላው አካሉ አፈር ውስጥ ገባ፤ ቅጠል አለበሱት። አብረውት ያሉት አራት ሰዎች ናቸው፤ ተኳሹ አንድሬይ ኡሶቭ፣ ነጂው ኒኮላይ ኒኪፎሮቭ፣ አጉራሹ ኒኮላይ ሮዴንኮቭ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው ፓቬል ኪሴልኮቭ። ለተኩስ ምልክት እንዲሆን በመንገዱ ዳር የቆሙ ሁለት ዛፎች ተመረጡ።

በኦገስት 20 ቀን (በአንዳንድ ጽሑፍ 19 ይላል) የጀርመን ሰልፍ መጣ። በመጀመሪያ ሞተር ብስክሌቶች አለፉ። ኮሎባኖቭ ዝም አለ፤ እንዳትተኩሱ አለ። ቀጥሎ ታንኮቹ ተጠጋግተው ተከታትለው መጡ። የፊተኛው ምልክቱ ዛፍ ዘንድ ሲደርስ ኡሶቭ ተኮሰ። የፊተኞቹ ሲነዱ መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ መድፉ ወደ ሰልፉ ጭራ ዞሮ የኋለኞቹን መታ። እንግዲህ መካከለኞቹ ወዴት ይሂዱ? ፊትም እሳት፣ ኋላም እሳት፣ ግራ ቀኙ ረግረግ። ተኩሱ ከየት እንደሚመጣ ለይተው ማወቅ አቅቷቸው የሣር ክምር ሲደበድቡ እንደቆዩ ታንከኞቹ በኋላ ተናግረዋል። ቦታውን ካወቁ በኋላ ግን ጥይቱ በካ-ቬው ላይ ዘነበ። የአዛዡ ፔሪስኮፕ ተሰበረ፤ የታንኩ ራስ ተቀረቀረና አልዞር አለ። ያኔ ነጂው ኒኪፎሮቭ ታንኩን በሙሉ እያዞረ ለተኳሹ ያነጣጥርለት ጀመር። ውጊያው ሲያበቃ፣ በሶቪየት ዘገባ መሠረት፣ 22 የጀርመን ታንክ ወድሟል። በሦስቱም መንገድ አምስቱ ታንኮች ያወደሙት ሲደመር 43 ሆነ። በካ-ቬው ብረት ላይ ከ150 በላይ የጥይት ምልክት እንደተቆጠረም ይነገራል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቁጥሩን ማን ቆጠረው? የቆጠረው የኛው ወገን ነው፤ የማንኛውም ጦር ልማድ ይኸው ነው። ጦርነት ባለበት ሁሉ ተኳሽ የጠላትን ኪሳራ ከፍ፣ የራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ሁልጊዜ በውሸት አይደለም፤ በጭሱ መካከል አንድን ታንክ ሁለት ሰው ሊመታውና ሁለቱም ሊቆጥሩት ይችላል። የጀርመኖቹን መዝገብ ያመሳከሩ ተመራማሪዎች በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ፣ ይህን ያህል ታንክ በአንድ ጊዜ የጠፋበት ክፍለ ጦር ለይቶ ማሳየት አስቸግሯቸዋል። በሌላ በኩል የጀርመን መዝገብም መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም። ተመትቶ በኋላ የተጠገነ ታንክ እንደጠፋ አይቆጠርም። ለተኳሹ ግን ያ ታንክ በዚያ ቀን ሞቷል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ውሸታም ሳይለው ሁለት ቁጥር ሊኖር ይችላል።

ሌላም የሚጣራ ወሬ አለ። ኮሎባኖቭ በፊንላንድ ጦርነት በ1940 የወርቅ ኮከብ ተሸልሞ ነበር፣ ጦርነቱ ባበቃ ጊዜ ወታደሮቹ ከፊንላንዶች ጋር ስለተጨባበጡ ኮከቡ ተነጠቀ ይባላል። ጥሩ ተረት ነው፤ የሚያሳዝንም ነው። ዳሩ ግን በዚያ ጦርነት የጀግንነት ማዕረግ ባገኙት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም። ሕዝብ የሚወደው ሰው ሲበደልበት ለበደሉ ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያት ካላገኘም ይፈጥራል። ይህንን ወሬ ስናነብ ስለ 1940 ሳይሆን ስለ በኋላው ዘመን ሰዎች ቅሬታ የሚነግረን ማስረጃ አድርገን ብንወስደው ይሻላል።

የሽልማቱ ነገር ግን ተረት አይደለም። ኮሎባኖቭ ለሶቪየት ኅብረት ጀግና ማዕረግ ታጭቶ ነበር። ወረቀቱ ወደ ሌኒንግራድ ግንባር ጠቅላይ መምሪያ ሲደርስ ዝቅ ተደረገ። በ1942 መጀመሪያ የቀይ ሰንደቅ ዓላማ ኒሻን ተሰጠው፤ ተኳሹ ኡሶቭ የሌኒንን ኒሻን አገኘ። ኒሻኑ ትንሽ ነው ማለት አይደለም፤ ትልቅ ኒሻን ነው። ቢሆንም ኮከቡ አይደለም። በዚያ ጦርነት ኮከቡን ያገኙት ከ11 ሺህ በላይ ናቸው።

ለምን ተከለከለ? የኔ አስተያየት ይህ ነው። ውጊያው ድል ነበር፤ ግን በማፈግፈግ ውስጥ የተገኘ ድል ነው። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 13 ቀን፣ ክራስኖግቫርዴይስክ በጀርመኖች እጅ ወደቀች። የተቃጠሉት ታንኮች የቀሩበት መሬት የጠላት ሆነ፤ ሄዶ የሚቆጥር ቢኖር እንኳ መሄጃ አልነበረም። ሌኒንግራድ ከሴፕቴምበር 8 ቀን ጀምሮ ተከባለች፤ ወረቀቱ በተወሰነበት ክረምት ሰው በረሃብ በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። በሽንፈት ጊዜ ጀግና ብዙ አለ፤ ሽልማት ግን ጥቂት ነው። በድል ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል።

ይህ በኮሎባኖቭ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለ። ዲሚትሪ ላቭሪኔንኮ የሚባል ወጣት የታንክ መኮንን ነበር፤ ከጦሩ በፊት የገጠር አስተማሪ። በካቱኮቭ ብርጌድ ውስጥ በምትሴንስክና በሞስኮ መከላከል በጥቂት ወራት 52 ታንክ እንዳወደመ ተመዝግቦለታል። በዲሴምበር 18 ቀን 1941 ውጊያ ጨርሶ፣ ከታንኩ ወርዶ ለአዛዡ ሪፖርት ሊያደርግ ሲሄድ የሞርታር ፍንጣሪ ገደለው። እሱም ለኮከቡ ታጭቶ ነበር። የተሰጠው መቼ ነው? በ1990! ከሞተ 48 ዓመት አልፎት፣ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ልትፈርስ አንድ ዓመት ተኩል ሲቀራት።

ኮሎባኖቭ ደግሞ ጦርነቱን ከ1941 በኋላ አላየውም። ከውጊያው አንድ ወር ያህል በኋላ፣ በሴፕቴምበር፣ በፑሽኪን ከተማ መቃብር ዘንድ ታንኩ ነዳጅና ጥይት ሲጭን አጠገቡ ቦምብ ፈነዳ። ጭንቅላቱንና አከርካሪውን ክፉኛ ቆሰለ። እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ድረስ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዘዋወር ኖረ። ድኖ ሲወጣ በከዘራ ነበር የሚሄደው። ጡረታ ልውጣ ማለት ይችል ነበር፤ እሱ ግን በሠራዊቱ ልቆይ አለ፤ ተፈቀደለትም፤ በ1958 በሌተና ኮሎኔልነት ተሰናበተ። ከዚያ በሚንስክ ከተማ በመኪና ፋብሪካ ውስጥ የምርት ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠራ። በ1994 እዚያው ሚንስክ አረፈ።

የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። በሚንስክ በተደረገ የወታደሮች ስብሰባ ላይ ኮሎባኖቭ ስለ ውጊያው ሲናገር ከአዳራሹ አንዱ ሳቀ አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፣ ሊሆንም አይችልም በማለት። ሽማግሌው ምንም ሳይመልስ ያረጀ የጦር ግንባር ጋዜጣ አውጥቶ ለመድረኩ ሰጠ፤ ተነበበ፤ አዳራሹ ዝም አለ። ልክ እንዲህ ይሁን አይሁን፣ ወሬው ራሱ የሚያሳየን ነገር አለ። ኮከብ የሌለው ሰው እድሜውን ሙሉ ማስረጃ በኪሱ ይዞ መዞር ነበረበት። ኮከብ ያለውን ሰው ግን ማን ማስረጃ ይጠይቀዋል?

በ1980 በውጊያው ቦታ አጠገብ ሐውልት ቆመ። የሐውልቱ ታንክ ካ-ቬ-1 አይደለም፤ ተፈልጎ ስላልተገኘ አይ-ኤስ-2 የሚባለው ነው የቆመው፤ በ1941 ገና ያልተሠራ ታንክ። በዚህ የሚስቁ አሉ። እኔ ግን የአካባቢውን ሰዎች አመሰግናለሁ፤ ያላቸውን አቆሙ፤ በድንጋዩ ላይም የአምስቱንም ሰዎች ስም ጻፉ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ አንድ ታንክ ሌኒንግራድን አዳነ የሚል ቢኖር አንመነው። ከተማይቱን ያዳኗት ምሽግ የቆፈሩ ሴቶች፣ እየተራቡ የሠሩ ሠራተኞች፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ እግረኞች፣ ጀርመኖችም ታንካቸውን ወደ ሞስኮ መመለሳቸው ተደምሮ ነው። በሌላ በኩል፣ ቁጥሩ አጠራጣሪ ነውና ነገሩ ውሸት ነው የሚለውንም አንመነው። ቁጥሩ 22 ይሁን 12፣ አምስት ሰዎች በአፈር ውስጥ ሆነው፣ ማፈግፈጊያ ሳይኖራቸው፣ ሰልፉ በሙሉ እስኪገባላቸው ድረስ ጣታቸውን ከቃታው ላይ ሳያነሱ ጠበቁ። ከዚያ መንገድ በዚያ ቀን ጠላት አላለፈም። የታሪክ ተማሪ ስለ ቁጥሩ ይከራከር፣ ሥራው ነው። ክርክሩ ግን የሰዎቹን ስም እንዳያስረሳን እንጠንቀቅ፤ ኮሎባኖቭ፣ ኡሶቭ፣ ኒኪፎሮቭ፣ ሮዴንኮቭ፣ ኪሴልኮቭ።