የወሎው ጳጳስ እና የይሁዳ ሰላምታ

በሰሞነ ሕማማት መሳሳም የለም፤ ካህናቱም በመስቀል አያሳልሙም። ልጅ ሆነን «ለምን?» ስንል መልሱ አንድ ነበር፦ ይሁዳ ጌታን አሳልፎ የሰጠው ስሞት ነው። ሰላምታ እንኳ ለአንድ ሳምንት ይጠረጠራል ማለት ነው።

የ1928 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። ከዚያ 12 ቀን ቀድሞ፣ መጋቢት 22፣ ጦራችን ማይጨው ላይ ተሸንፏል። እንግዲህ ሽሽቱ የተጀመረው በዐቢይ ጾም ነው፤ ሕማማትም መንገድ ላይ ደረሰ። በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ከላይ አውሮፕላን፣ ከጎን ደግሞ ጣሊያን መሣሪያና ገንዘብ የሰጣቸው የራያና የአዘቦ ሰዎች ወታደሩን መቱት።

ከወልዲያ ተነስቶ በጎብዬና በሮቢት አድርጎ ቆቦ ለሚገባ ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ራያ ሲነሳ «ያኔ እኮ ከኋላ ወጉን» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ሆኗል፣ አልክድም። ግን ራያም ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አምፆ ጦር ዘምቶበታል፤ ቂሙ ገና አልበረደም ነበር። ደግሞስ ይሁዳ ከባዕድ ሰፈር የመጣ ሰው ነበር እንዴ? ከማዕዱ አይደል የተነሳው?

ማዕዱን ካነሳን፦ በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግብፅ ወርደው በአንድነት ጵጵስና ተቀበሉ። አብርሃም፣ ጴጥሮስ፣ ሚካኤል፣ ይስሐቅ። ለዘመናት ከግብፅ ጳጳስ ስናስመጣ ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ አብረው የተቀቡትም ተለያዩ። የጎጃሙ አቡነ አብርሃም ለጣሊያን አደሩ፤ ጣሊያንም የቤተ ክርስቲያኒቱ የበላይ አድርጎ ሾማቸው፣ እስክንድርያ ደግሞ አወገዘቻቸው። አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ላይ ተረሸኑ።

አቡነ ጴጥሮስ የወሎ ጳጳስ ነበሩ፤ ጎብዬም በሀገረ ስብከታቸው ውስጥ ናት። የፍቼ ልጅ ናቸው፣ መንበራቸው ግን ደሴ። ደሴ ሚያዝያ 7 በጣሊያን እጅ ወደቀች። ሐምሌ 21 አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ያደረጉት ጥቃት ሲከሽፍ ጳጳሱ ተያዙ፣ በማግስቱ ተረሸኑ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የተጠየቁት ትልቅ ነገር አልነበረም፤ የጣሊያንን ገዢነት ተቀብለው አርበኞቹን «ሽፍታ» ብለው ማውገዝ ብቻ። አንዲት ቃል! ሐዋርያው ጴጥሮስ በዚያች ሌሊት «አላውቀውም» ሲል እሱም የተናገረው ከዚያ የረዘመ አልነበረም። የሐዋርያው ስም የወጣላቸው ሰው ያቺን ቃል አልሰጡም። ቅዳሴያችን ጌታ እጆቹን ለሕማም የዘረጋው በፈቃዱ ነው ሲል ፈቃድ ያላት ነገር ይህች ትመስለኛለች። በር ተከፍቶልህ አለመውጣት። አሳልፎ የሚሰጥህ ሰው ሊያስይዝህ ይችላል፣ እሺ ሊያሰኝህ ግን አይችልም።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ ተውኔት የጻፈውም ስለዚያች ሰዓት ነው። ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን መሬቲቱም ለጣሊያን እንዳትገዛ ገዝተዋል ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ቆመው ሲናገሩ ሀገረ ስብከታቸውን አልለዩም፤ ግዝቱ የጎብዬን ሜዳ፣ ያ ሁሉ የሚወራበትን ራያንም ይጨምራል።