ሐኪሟ ማነው?

በ1994 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል አክስቴን ይዤ ከቡሬ አዲስ አበባ መጣሁ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተሳፍረን፣ ፍኖተ ሰላምንና ደብረ ማርቆስን አልፈን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ አውቶቡስ ተራ ደረስን። አክስቴ በመንገዱ ሁሉ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «አንተ ልጅ፣ ሐኪሙ ደግ ነው ይላሉ?» በእሷም በእኔም ሐሳብ ከመንገዱ ጫፍ አንድ ሰው ተቀምጦ ይጠብቀናል።

የጡቷ እብጠት ከታየ ዓመት አልፎት ነበር። ጠበሉም ተሞክሯል፣ ቅጠሉም ተለጥፏል። በኋላ ስሙን ከማልጠራው ሕክምና ቤት ሄደን እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። የወጣው ሥጋ ግን ለምርመራ አልተላከም፤ ተጣለ። እኔም ምን አውቄ፣ «ተገላገልን» ብዬ ጠላ ስጠጣ አመሸሁ። ስድስት ወር ሳይሞላ እብጠቱ ተመልሶ መጣ።

ጥቁር አንበሳ ስንደርስ ካርዷን ይዤ ያገኘሁትን ነጭ ጋዎን ለባሽ ሁሉ «ሐኪሟ እርስዎ ነዎት?» እል ነበር። ቀዶ ሐኪሙ «ናሙናው ታይቶ ውጤቱ ይምጣ እንጂ አሁን ቢላዋ አላነሣም» አለኝ። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየውን ፓቶሎጂስት እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም። እናላችሁ፣ «ነቀርሳ ነው» ብሎ የአክስቴን ዕጣ የለየው ሰው አክስቴን አይቷት አያውቅም።

መቼም የአገራችን ሰው «እያንዳንዱ ወደ ሌላው ያባርራል» ማለት ይወዳል። እኔም ብያለሁ። የታሪኩን አመጣጥ ሳነብ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ በአውሮፓም በአሜሪካም ነቀርሳን በዋናነት የሚታገለው ቀዶ ሐኪሙ ነበር፤ መሣሪያውም ቢላዋ። እ.ኤ.አ. በ1895 ፊዚክስ አዋቂው ሮንትገን ኤክስሬይን አገኘና ሐኪም ያልሆነ ሰው በሩን ገፍቶ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1948 በሕፃናት የደም ነቀርሳ ላይ መድኃኒት ለጊዜውም ቢሆን እንደሚሠራ ያሳተመው ሲድኒ ፋርበር የቦስተን ፓቶሎጂስት ነው፤ ሥራው ሬሳና ናሙና መመርመር የነበረ ሰው! ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የምግብ ባለሙያዋና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ በአንድ ጣራ ሥር ሆነው በሽተኛውንም ቤተሰቡንም ይያዙ ብሎ የተሟገተውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ ካናዳ ውስጥ በኮባልት ጨረር ማከም ተጀመረ። ከሁለቱ የመጀመሪያ መሣሪያዎች አንዱን የሠራው ሃሮልድ ጆንስ ፊዚክስ አዋቂ ነበር።

ያ የኮባልት ሕክምና እኛ ዘንድ የደረሰው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ጥቁር አንበሳ ውስጥ የጨረር ሕክምና ተጀመረ፤ ከሃያ ዓመት በላይም የአገሪቱ ብቸኛ ማዕከል ሆኖ ኖረ። እንደ ዶክተር ቦጋለ ሰለሞን ያሉት ኦንኮሎጂስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኮባልት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ትናንት ጥቂት ደቂቃ የበቃው ጨረር ከዓመታት በኋላ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን የሚያሰላው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነው። እሱ ቢሳሳት ሐኪሙ የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን በሽተኛዋ ወይ ትቃጠላለች ወይ ሳትታከም ትመለሳለች። ወረፋው የሚረዝመው በሽተኛ ስለበዛ ብቻ ሳይሆን ኮባልቱም ስለሚያረጅ ነው።

ለነገሩ በቡድን መሥራት ለእኛ ባዕድ አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አንድ ላይ አሠልጥኖ አንድ ላይ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ወደ ነቀርሳው ስንመጣ ግን አንዱን ባለሙያ ከሌላው የሚያገናኝ ገመድ ጠፋ። ገመዱ እኔ ነበርኩ፤ ውጤት ተሸካሚው፣ ቀጠሮ አስታዋሹ፣ ማረፊያ ፈላጊው። ጨረር በየቀኑ እየተመላለሱ ለሳምንታት የሚወሰድ ነውና አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው የገጠር ሰው የት ይደር? በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ያህል ይህን ችግሬ ብሎ የያዘ ድርጅት ያኔ አላጋጠመኝም።

አክስቴን ያስጨነቃት ግን ማረፊያው አልነበረም። የጨረር ቴክኖሎጂስቱ ደረቷ ላይ በቀለም መስመር አሰመረባትና «ሕክምናው እስኪያልቅ እንዳይለቅ» አላት። «ጠበሌንስ?» ብላ አለቀሰች። ሊያግባባት የቻለ ሐኪም አልነበረም። አንዲት ነርስ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ የመጣችበትን ደብር ጠይቃ፣ «እማማ፣ ለጊዜው ይጠጡት እንጂ አይጠመቁት» አለቻት። ነገሩ በዚህ አለቀ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 ዘመናዊውን ሆስፒስ የከፈተችው ሲሲሊ ሳውንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ በመጨረሻ ሐኪም እንደነበረች ሳነብ ያቺ ነርስ ትዝ ትለኛለች።

ዛሬ ከቡሬ የሚነሣ ሰው ለኬሞቴራፒ ዓባይ በረሃን መሻገር ግዴታው አይደለም፤ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት አለ። የጨረር ሕክምናም ጅማና ሐረር ደርሷል። የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለአሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ፤ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም በዚህ በኩል የቡድኑ አባል ሆናለች። የተጣለውን ሥጋ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። ቡሬ የተመለስን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበና ቡና ተፈላ። አንዷ ጎረቤት፣ «ኧረ ሐኪሙስ ደግ ነበር?» አለቻት።

አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠችና፣ «የትኛው?» አለች።