ቡችላን በከተማ ማሠልጠን፦ ከሳሎን እስከ ፌርፋክስ ጎዳና

በሎስ አንጀለስ ከተማ የፌርፋክስ ጎዳና፣ ከኦሎምፒክ ቡልቫርድ እስከ ዊትወርዝ ድራይቭ ያለው ክፍል፣ እ.አ.አ. ከ2002 ጀምሮ በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚል መጠሪያ አለው። ምግብ ቤቶች፣ የቅመማ ቅመምና የባህል ልብስ መደብሮች ጎን ለጎን ተደርድረውበታል። አላፊ አግዳሚው ከቡና፣ ከዕጣንና ከወጥ ሽታ በቀር ብዙም ላያስተውል ይችላል። ለአሥር ሳምንት ቡችላ ግን ይኸው ጎዳና የአውቶቡስ ፍሬን፣ የአምቡላንስ ጩኸት፣ የሌላ ውሻ ሽንት፣ መሬት ላይ የወደቀ ቁራሽ ሥጋና የማያቋርጥ የሰው እግር በአንድ ጊዜ የሚደርሱበት ቦታ ነው። በዚህ መካከል ባለቤቱ ስሙን አምስት ጊዜ ቢጠራውና ቡችላው ቀና ብሎ ባያየው ነገሩ እልኸኝነት አይደለም። ከዚያ ሁሉ ድምፅና ሽታ መካከል የባለቤቱን ጥሪ ለይቶ መምረጥ ገና አልተማረም።

ልዩነቱ ቀላል ይመስላል እንጂ የሥልጠናው ሁሉ መነሻ ነው። እምቢተኛ ነው ያለ ባለቤት ይጮኻል፣ ገመዱን ይጎትታል፣ አንዳንዴም ይመታል። ገና አልተማረም ያለ ባለቤት ግን ቡችላውን ይዞ ጸጥ ወዳለ ቦታ ይመለሳል።

በኢትዮጵያ በገጠርም ሆነ በከተማ ውሻ በአብዛኛው የግቢ ጠባቂ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለውም ከእርሱ የሚጠበቀው የጌታውን ደጅ አውቆ በባዕድ ላይ መጮኽ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴን የቤተ መንግሥት ውሻ ሉሉን የሚያስታውሱ አረጋውያን ቢኖሩም፣ ውሻን ሳሎን ውስጥ ማሳደግ ለብዙ ቤተሰብ አዲስ ነገር ነው። በሎስ አንጀለስ አፓርትመንት ጎረቤትን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ በደረጃው ላይ በየቀኑ የሚያልፉት ደግሞ የማይታወቁ ሰዎች ናቸው። ለግቢ ጠባቂ የሚያስመሰግነው ጠባይ እዚህ ከአከራይ ጋር ያጋጫል። ከዚያም አልፎ ውሻው ወደ መጠለያ እንዲመለስ ምክንያት ይሆናል።

ጊዜው አጭር ነው

ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች በሜይን ግዛት ባር ሐርበር ለዓመታት ባካሄዱትና በ1965 በመጽሐፍ ባሳተሙት ጥናት፣ ቡችላ ከሰውና ከአካባቢው ጋር በቀላሉ የሚላመድበት ወቅት በግምት ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ መሆኑን አሳይተዋል። በዚያ ወቅት ሕፃን ልጅ፣ ጃንጥላ፣ ተሽከርካሪ ወንበርና ባለ ጢም ሰው ያላየ ቡችላ፣ በኋላ ሲያያቸው ሊፈራቸው ይችላል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። በካሊፎርኒያ ከስምንት ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ መሸጥ በመርህ ደረጃ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ቡችላውን ሲረከብ ከዚህ ወቅት የሚቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ አደጋ ይገጥማል። ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ሊገድል ይችላል፤ በአፈር ውስጥም ለወራት ይቆያል። የክትባቱ ተራ የሚጠናቀቀው አብዛኛውን ጊዜ በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ስለሆነ፣ እስከዚያ ቤት ይቆይ ቢባል መላመጃው ወቅት ያልፋል። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 ባወጣው የአቋም መግለጫ፣ የመጀመሪያውን ክትባት ከወሰደ ቢያንስ ሰባት ቀን የሆነው ቡችላ ንጽሕናው በተጠበቀ የቡችላ ትምህርት መሳተፍ እንደሚችል አስታውቋል። ውሾች የሚያዘወትሩትን ሣርና የውሻ መናፈሻ ግን ክትባቱ እስኪያልቅ መራቅ ያስፈልጋል። ከሁለቱ አደጋ መካከል ያለው መንገድ ቡችላውን ታቅፎ መውጣት ነው። እንደ አንቀልባ በደረት ላይ በታሰረ ጨርቅ ውስጥ ሆኖ ጎዳናውን ያያል፣ ይሰማል፣ ያሸታል፤ እግሩ ግን መሬት አይነካም። ውሻ በአንቀልባ ሲታዘል የሚያዩ እናቶች የሚሉትን መገመት አያዳግትም። ሆኖም ከዚህ የሚሻል ዘዴ ማግኘት ከባድ ነው።

ስሙን አንድ ጊዜ መጥራት

ትምህርቱ የሚጀመረው ቴሌቪዥን በተዘጋበት ክፍል ነው። ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል፤ ቀና ባለበት ቅጽበት ጥፍር የምታህል የምግብ ቁራሽ ይሰጠዋል። ቁራሹ ከዕለት ምግቡ ላይ ቢቀነስ አይወፍርም። ቀና ካላለ ስሙ አይደገምም፤ ባለቤቱ ጠጋ ይላል ወይም ቡችላውን ከያዘው ነገር ያርቀዋል። አሥር ጊዜ የተጠራ ስም ለቡችላው እንደ ማቀዝቀዣ ድምፅ ነው፤ ይሰማዋል እንጂ ትርጉም አይሰጠውም።

የአንዱ ትምህርት ርዝመት ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ መመላለስ አንዴ ለግማሽ ሰዓት ከመታገል እጅግ ይሻላል። ቡችላ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል የሚተኛ ፍጥረት ነው። ወዲያ ወዲህ የሚሮጠው፣ ሱሪ የሚነክሰው፣ የተባለውን የማይሰማው ቡችላ ብዙ ጊዜ የደከመ ቡችላ ነው። መድኃኒቱም እንቅልፍ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። እናት «ነይ» ትላለች፣ አባት «ና» ይላል፣ አሜሪካ የተወለዱት ልጆች በእንግሊዝኛ «ካም» ይላሉ፣ አያት ደግሞ በፉጨት ይጠራሉ። ውሻ ጾታን የሚለይ ሰዋስው አያውቅም፤ ለእርሱ እነዚህ አራት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ አንድ ቃል ቢመርጥ የብዙ ሳምንት ልፋት ይቀርለታል። «ተው» የሚለው ቃልም ልጆች ባሉበት ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚነገር ለውሻ ትእዛዝነት አይመችም። በምትኩ በሌላ ጊዜ የማይነገር ቃል መምረጥ ይበጃል። «ና» የተባለው ቃል ከተመረጠ ደግሞ ቡችላውን ለማጠብ፣ ጥፍሩን ለመቁረጥ ወይም ለመቆጣት መጥሪያ ሊሆን አይገባም። ተጠርቶ መጥቶ አንዴ የተቀጣ ቡችላ በሌላ ቀን መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሲጠራ ላይመጣ ይችላል።

ሽንትን በተመለከተ የተለመደው ስሌት ዕድሜው በወር ተቆጥሮ አንድ ሲጨመርበት ቡችላው መታገስ የሚችለውን የሰዓት ብዛት ይሰጣል የሚለው ነው። የሁለት ወር ቡችላ ከሦስት ሰዓት በላይ አይጠበቅበትም። ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ ሲበላና ሲጫወት ግን ወዲያው መውጣት አለበት። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ የመድፈቅ የቆየ ልማድ ቡችላውን የሚያስተምረው ሰው እያየ አለመሽናትን ነው፤ በማግሥቱ ከሶፋ ጀርባ ይገኛል።

ረከቦትና ሞሶብ

ጀበናውና ረከቦቱ ወለል ላይ፣ ሞሶቡም ዝቅ ብሎ በሚቀርብበት ቤት፣ ሁሉም ነገር ለቡችላ በአፍንጫው ቁመት ነው። የተቆላ ቡና ፍሬ ካፌይን ስላለው ለውሻ መርዝ ነው፤ ከመቁያው የወደቀ ፍሬ ወዲያው መለቀም አለበት። ዶሮ ወጥ የበለጠ ያሰጋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋሉ፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ በፍቅር የተሰጠች አንዲት ጉርሻ ሐኪም ቤት ልታደርስ ትችላለች። ከማዕድ መለመንንም የምታስተምረው እርሷው ናት።

እንግዳ ሲመጣ ለቡችላው የራሱ ምንጣፍ ቢኖረው ሁሉም ይቀለዋል። በብዙ ሙስሊሞች ዘንድ የውሻ ምራቅ የነካው መታጠብ አለበት፤ ነጭ ነጠላ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ እንግዳም እንዲዘለልበት አይሻም። በኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታን የሚያውቅ ሰው ውሻ መፍራቱ ምክንያት አለው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ዓይነት ከአገሪቱ መጥፋቱን በ2007 ቢያስታውቅም፣ የሌሊት ወፍና ሌሎች አራዊት አሁንም በሽታውን ይይዛሉ። ምንጣፉ ላይ የመቆየት ልምምድ እንግዳ በሌለበት ቀን ይጀመራል፦ ምንጣፉን ሲረግጥ ቁራሽ፣ ሲተኛበት ሌላ ቁራሽ፣ ከዚያ በር ይንኳኳና እንደገና።

ሕጉ የሚጠይቀው

በካሊፎርኒያ ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ ግዴታ ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ከአራት ወር በላይ ለሆነ ውሻ ፈቃድ እንዲወጣለት ያዛል። ከ2008 ጀምሮም፣ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩ በቀር፣ ውሻው በዚሁ ዕድሜ እንዲኮላሽ ይጠይቃል። በአደባባይ የሚያዝበት ገመድ ከ6 ጫማ መብለጥ የለበትም፤ ይህም ከሥልጠናው ጋር ይስማማል፣ ረጅም ገመድ ቡችላን ከባለቤቱ ያርቃልና። ቡችላ ከኢትዮጵያ ይዞ መግባት አሁን አይቻልም፤ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር ሊሞላው ይገባል፣ ኢትዮጵያም በሽታው በስፋት ከሚገኝባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ሌሎች ሰነዶች ይጠየቃሉ።

ወደ ፌርፋክስ መውጣት የሚመጣው ከሳሎን፣ ከአፓርትመንቱ ኮሪደርና ከጸጥተኛው የሠፈር መንገድ በኋላ ነው። በየደረጃው የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወይ ጩኸቱ፣ ወይ የቆይታው ርዝመት፣ ወይ ከባለቤቱ ያለው ርቀት። ሁለት ጊዜ ከተሳሳተ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጥሩ መለኪያ አለ፦ ቡችላው ቤት ውስጥ የሚስገበገብለትን ቁራሽ ጎዳና ላይ አልበላም ካለ፣ ቦታው ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል። ያን ጊዜ ማባበልም ሆነ መቆጣት ዋጋ የለውም፤ ራቅ ማለት ብቻ ነው።

ስለዚህ ክትባቱ ሲጠናቀቅ ለመጀመሪያው ቀን ምግብ ቤቶቹ ገና ያልከፈቱበት፣ አስፋልቱም ያልጋለበት ማለዳ ይመረጣል። ባለቤቱ ጎዳናው ላይ ሳይወጣ ከአቋራጩ መንገድ ጥግ ይቆማል። ቡችላው አውቶቡሱን ያያል፤ ባለቤቱ ዝም ይላል። ቡችላው በራሱ ጊዜ ዘወር ብሎ ወደ ባለቤቱ ሲመለከት ቁራሹ ይሰጠዋል፣ አጥሩን እንዲያሸትም ይፈቀድለታል፤ ማሽተት ራሱ ሽልማት ነውና። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ወደ ቤት ይመለሳሉ።