የትንሿ ሄሊኮፕተር ካርቡሬተር ታሪክ

ሞዴል ሄሊኮፕተር ሲነሳ ሁላችንም የምናየው የሚሽከረከረውን ክንፍ ነው። ሞተሩ አንገት ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ካርቡሬተር ልብ የሚላት የለም። እሷ ካልተስተካከለች ግን ሄሊኮፕተሩ ወይ አይነሳም፣ ወይ ተነስቶ ይወድቃል። ስለዚህ ዘንድሮ ታሪኳን ባጭሩ እናውጋችሁ።

ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች በአሜሪካ የተስፋፉት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ቢል ብራውን የተባለ የፊላደልፊያ ወጣት የሠራው «ብራውን ጁኒየር» በ1934 ገበያ ላይ ዋለ። ያኔ ሞዴሉ ካንዴላ፣ ኮይልና ባትሪ ተሸክሞ ነበር የሚበረው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ የፕላቲነም ሽቦ ያላትን ካንዴላ ለገበያ አቀረበ። ሽቦዋ ለማስነሻ ብቻ በባትሪ ትግላለች፤ ከዚያ በኋላ ሜታኖሉ ራሱ እንደጋለች ያቆያታል። ኮይሉም ባትሪውም መሬት ቀሩ።

ነዳጁም ሜታኖልና ዘይት ሆነ። ዘይቱ ለረጅም ጊዜ የጉሎ ዘይት ነበር፤ አዎ፣ እናቶቻችን ምጣድ የሚያስሱበት ያው ጉሎ! ሜታኖል ደግሞ ብዙ ይጠጣል። 1 ግራም ቤንዚን ወደ 15 ግራም አየር ሲፈልግ፣ 1 ግራም ሜታኖል 6.5 ግራም ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት አየር ከእጥፍ በላይ ነዳጅ ማለፍ አለበት።

የድሮዎቹ ሞተሮች አብዛኞቹ በአንድ ፍጥነት ብቻ ነበር የሚሠሩት። ለአውሮፕላን ይበቃ ነበር። ሄሊኮፕተር ግን አንድ ቦታ ተንሳፎ የሚቆመው በግማሽ ጋዝ ነው፤ መሃሉ ካልተስተካከለ አይሆንም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጀርመናዊው ዲተር ሽሉተር በሬዲዮ የሚመራ ሄሊኮፕተር በአስተማማኝ ሁኔታ ሲያበር፣ በጋዙ ልክ አየርና ነዳጅን አብራ የምትመጥን ካርቡሬተር የግድ ሆነች።

ታዲያ እንዴት ትገጠማለች? መጀመሪያ አንገቷ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ያልተሰነጠቀ መሆኑን እንይ። እስከ መጨረሻ ገፍተን አስገብተን ብሎኑን እናጥብቅ። በቀዳዳ አየር ከገባ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ ሞተሩም ይግላል። ጋኑም ከመርፌዋ ጋር በቁመት ቢቀራረብ ጥሩ ነው።

ዋናዋን መርፌ ቀስ ብለን ዘግተን፣ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ዙር እንክፈት፤ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን እንከተል። ነዳጅ በዝቶ ይጀምር። ጥቂት አንሳፍፈን፣ አሳርፈን፣ ሞተሩን አጥፍተን፣ ጥቂት እንዝጋ። ነጭ ጭስ ምንጊዜም መታየት አለበት። ጭሱ ከጠፋና ሲወጣ ጉልበቱ ከከዳው ነዳጅ አንሶታል፤ ቶሎ እንክፈት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሚኒሞው መርፌ የምንሄደው።

ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መርፌዋ በተዘጋ ቁጥር ሞተሩ ይጮሃል፣ ኃይለኛም ይመስላል። ግን ከነዳጁ ጋር የሚያለሰልሰው ዘይትም እየቀነሰ ነው፤ ፒስቶኑ ይነክሳል፣ ሄሊኮፕተሩም ከላይ ይወርዳል። ከሥሩ ሰው ካለስ? ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ክንፉ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም እጃቸውን እንዳይሰዱ፣ ሜታኖልንም ከእሳትና ከሕፃናት እንዲያርቁ ንገሯቸው፤ ሜታኖል መርዝ ነው።

ዛሬ አብዛኛው ሞዴል በኤሌክትሪክ ይበራል፤ መርፌ የሚያስተካክል ሰው እያነሰ ነው። የድሮ ሞተር ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ አብራችሁት ተቀመጡና ጆሯችሁን አስለምዱ።