በስደት ቤት ያደጉ ልጆች

ሰው አገሩን ለቆ ሲወጣ ብቻውን ከሆነ ሸክሙ ቀላል ነው። ምግቡ ቢለወጥበት፥ ብርዱ ቢጸናበት፥ ቋንቋው ቢከብደው ችሎ ያልፈዋል። ሕፃናትን ይዞ የወጣ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ልጆቹ ዛሬ የሚበሉትን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚሆኑትንም ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

እኛም ለመንግሥት ሥራ ታዝዘን ከነልጆቻችን ሁለት ዓመት በውጭ አገር በተቀመጥን ጊዜ ይህንኑ በራሳችን አይተነዋል። ትንሿ ልጃችን ስድስት ወር ሳይሞላት የጎረቤቶቻችንን ቋንቋ ከእኛ አብልጣ አወቀች፤ ገበያ ስንወጣም አስተርጓሚያችን ሆነች። በዚህ ደስ ብሎን ሳለ አንድ ቀን «ወደ ቤታችን የምንመለስበት ጊዜ ቀርቧል» ብንላት፥ «የትኛው ቤታችን?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አጣን። ጥያቄዋም ከልባችን ስላልጠፋ፥ ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ ያለፉትን ሰዎች ታሪክ መመርመር ጀመርን። በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው በ1928 ዓ.ም. ተሰዶ እንግሊዝ አገር የገባውን የንጉሠ ነገሥቱን ቤተ ሰብ ኑሮ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ ግንቦት 26 ቀንም ሎንዶን ገቡ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ላይ ቆመው የአገራቸውን በደል ለዓለም አሰሙ። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከንግግሩ በኋላ የመጣው የዕለት ኑሮ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ጉባኤው ተበትኖ መንግሥታቱ ፊታቸውን ሲያዞሩ፥ ለንጉሠ ነገሥቱ የቀረው ጥያቄ የማንኛውም ስደተኛ አባት ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም ቤተ ሰቡ የት ይኖራል፥ በምን ይተዳደራል የሚል ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሎንዶን በስተ ምዕራብ ወደምትገኘው ወደ ባዝ ከተማ ሄዱ። ባዝ እንደ አዲስ አበባችን በፍል ውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት። በከተማዋ ዳር ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዝተው ቤተ ሰቡን በዚያ ሰበሰቡ። ከልጆቻቸው ታናሹ ልዑል ሣህለ ሥላሴ ገና ሕፃን ነበሩ። የልዕልት ተናኘ ወርቅም ስድስት ልጆች ነበሩ፤ ታላቋ ልዕልት አይዳ ዘጠኝ ዓመት ገደማ፥ ልዑል እስክንድር ደግሞ ሁለት ዓመት ገደማ ነበሩ።

ኑሮው ከሩቅ ለሚያየው ሰው የተደላደለ ይመስል ነበር፤ በውስጡ ግን ችግር ነበረበት። የአገሩ ብርድ ለእቴጌ መነን ጤና ስላልተስማማ፥ ክረምቱን ወደ ኢየሩሳሌም እየሄዱ ለማሳለፍ ተገደዱ። ገንዘብም አጠረ። ከአንድ የቴሌግራፍ ኩባንያ የሚጠየቅ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ገንዘብ ነበር፤ ነገር ግን በኅዳር 1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የጣልያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ስላወቀ፥ ያ ገንዘብ በፍርድ ቤት ከእጃቸው ወጣ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ከአገር የሚመጣው ወሬ ነበር። የስድስቱ ልጆች አባት ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደሉ። የልጆቹ አክስት ልዕልት ሮማነ ወርቅም ከነልጆቻቸው ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወስደው ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. በቱሪን ከተማ ዐረፉ። እንግዲህ በፌርፊልድ የምትኖር እናት የልጆቿን ጫማና መጽሐፍ ስታስብ፥ የአባታቸውንም ሞት ማስረዳት ነበረባት ማለት ነው።

ይህም ሁሉ ሲሆን ቤቱ ሥርዓቱን አላጣም። በአትክልቱ ቦታ የነበረው የመስተዋት ቤት የጸሎት ቤት ተደረገ፤ አብረው የተሰደዱ ካህናትም በዚያ ይቀድሱበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ክፍል በዚያው ቤት በ1929 ዓ.ም. በአማርኛ አዘጋጁ። መጽሐፉ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1965 ዓ.ም. ታተመ። ስለዚህ የፌርፊልድ ልጆች ከደጃፉ ሲወጡ እንግሊዝ አገር፥ ወደ ቤት ሲገቡ ኢትዮጵያ ነበረች ለማለት ይቻላል።

ይህም ከውጭው ትምህርት አልከለከላቸውም። ልዕልት ፀሐይ ሲሰደዱ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በሎንዶን በታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው፥ እንደ ማንኛዪቱም ተማሪ አልጋ እያነጠፉ የነርስነትን ሙያ ተማሩ። አገር ነፃ ሲወጣም ሙያቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ዳሩ ግን ብዙ ሳይቆዩ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት ዐረፉ። በአዲስ አበባም ለመታሰቢያቸው ሆስፒታል ተሠራ። በሁለት ዓመታቸው የተሰደዱት ልዑል እስክንድርም አድገው ከባሕር ኃይላችን መሪዎች አንዱ ሆኑ።

እርግጥ ነው፥ ፌርፊልድ ለሁሉ አልደረሰም። በዚያው ዘመን በኬንያ በኢሲዮሎና በታቬታ ሰፈሮች፥ በኢየሩሳሌምም፥ በሱዳንና በጅቡቲም ብዙ ወገኖቻችን ከነልጆቻቸው በስደት ይኖሩ ነበር። የእነርሱን ዕለታዊ ኑሮ የጻፈው ጥቂት ነው፤ ጭንቀታቸው ግን ከባዙ ጭንቀት አያንስም፤ እንዲያውም ይብሳል። ያች የስደት እናት በድንኳን ውስጥ ልጇን በአገርኛ ስትመክር፥ ማንም ሳያያት ታላቅ ሥራ ትሠራ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ወደ ሱዳን ሄዱ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ በኩል የአገራቸውን ድንበር ረገጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። ፌርፊልድን በ1950 ዓ.ም. ለአረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡ። በስደት ዘመን ያስጠጋ ቤት እንደ ውለታ ተቈጥሮ ለባለ አገሩ ተመለሰ።

ከዚህ ታሪክ የተማርነው ነገር ቢኖር ይህ ነው። በባዕድ አገር ልጅን ከጎረቤት ጋር እንዳይጫወት መከልከል ጉዳት ነው፤ ልጁ ቶሎ መልመዱም የሚያስደስት እንጂ የሚያሳዝን አይደለም። የሚያሳዝነው ወላጆች ልጁ የሚያገኘውን አዲስ ነገር እያደነቁ፥ እነርሱ ሊሰጡት የሚገባውን ሲረሱ ነው። ጎረቤትና ትምህርት ቤት የየራሳቸውን ያስተምሩታል፤ የአገሩን ቋንቋና የአባቶቹን ታሪክ ግን ከቤቱ በቀር የሚያስተምረው የለም።

እኛም ይህን ከተረዳን በኋላ የፊደል ገበታ አስመጥተን በግድግዳው ላይ ለጠፍን፤ ማታ ማታም ከእራት በፊት ከልጃችን ጋር ሀሁ ማለት ጀመርን። ልንመለስ ዕቃ ስንጭን ልጃችን ገበታውን ከግድግዳው ነቅላ በእጇ ያዘች። «ይህን ተዪው፥ አገር ቤት ሌላ አለ» ብንላት፥ «ይህ የቤታችን ነው» አለች። የትኛው ቤታችን እንደ ሆነ አልጠየቅናትም።